ልጄ ራሷ ላይ የምታስረው ነገር

ልጄ ራሷ ላይ ስለምታስረው ማሰሪያ ያልጠየቀኝ ሃበሻ የለም። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ፣ እንጀራ የምገዛበት ሱቅ ስገባ፣ ልደት ስንጠራ፣ ሁሌ ያው ነው። «ውይ፣ ጭንቅላቷን ምን ሆና ነው?» ይሉኛል። ሙዚቃ የምታዳምጥበት የሚመስላቸውም አሉ። የመስሚያ መሣሪያ ነው። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ሚጢዬ የተወለደችው እዚሁ ሜሪላንድ ነው። ሁለቱም ጆሮዎቿ ትንንሽ ናቸው፤ ቀዳዳ የላቸውም። ሐኪሞቹ ማይክሮሽያና አትሬዥያ ይሉታል። ጆሮ በእርግዝናው የመጀመሪያ ወራት መሠራት ይጀምርና ሳይጠናቀቅ ይቀራል። እናቴ ከደሴ ደውላ «ነፍሰ ጡር ሆነሽ ደንግጠሽ ነበር እንዴ?» አለችኝ። አልደነገጥኩም። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አይታወቅም።

የጆሮዋ መዘጋት ግን ጨርሶ አትሰማም ማለት አይደለም። ይህን ለዘመድ ማስረዳት ነው ያደከመኝ። የልጄ ችግር የድምፁ መግቢያ መዘጋቱ ነው፤ የውስጠኛው ጆሮዋ ጤነኛ ነው። ካላመናችሁኝ ጆሯችሁን በጣታችሁ ድፈኑና ቆሎ ቆርጥሙ። ያ ሁሉ ኳኳታ በጆሮ ቀዳዳ አልገባም፤ በራስ ቅላችሁ አጥንት በኩል ነው የደረሳችሁ። የልጄ መሣሪያም የሚጠቀመው ይህንኑ መንገድ ነው። ድምፁን በማይክሮፎን ይቀበልና ወደ ንዝረት ይለውጠዋል፤ ንዝረቱ ከጆሮዋ ጀርባ ባለው አጥንት አድርጎ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። እሱን አጥንቱ ላይ ለጥ አድርጎ የሚይዘው ያ የምታዩት ለስላሳ ማሰሪያ ነው። ሶፍትባንድ ይሉታል።

ምርመራው ራሱ ጉድ ነበር። «እንዳታስተኛት፣ እንዳታጠቢያት፣ እንደራባት አምጫት» ተባልኩ። መኪናው ውስጥ እያለቀሰች፣ እኔም ላለቅስ ምንም ሳይቀረኝ ደረስን። እዚያው አጠባኋት፣ ጭኔ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ከዚያ ግንባሯና ጆሮዋ አጠገብ ትንንሽ ሽቦ ለጠፉላት፤ የምትንቀጠቀጥ ትንሽ ነገርም አጥንቷ ላይ አስደግፈው አእምሮዋ ለድምፁ የሚሰጠውን መልስ በኮምፒዩተር አነበቡ። ልጅቷ ምንም መናገር አይጠበቅባትም። ለዚህ ነው ገና በጨቅላነት ማወቅ የሚቻለው።

እዚህ አገር የሚመሩበት ደንብ አለ። በ1 ወር የመጀመሪያ ምርመራ፣ በ3 ወር ችግሩን ለይቶ ማወቅ፣ በ6 ወር ደግሞ እርዳታ መጀመር። «ትንሽ ትደግ፣ ያኔ እናያለን» የሚለው የእኛ ነገር እዚህ ላይ አይሠራም። አእምሮ ቋንቋን የሚለምደው ልጅ አፉን ከመፍታቱ በፊት ነው።

ኢንሹራንሱ መጀመሪያ አልሸፍንም አለ። «ይህ ተራ የመስሚያ መሣሪያ ነው፣ ውልሽ ውስጥ የለም» የሚል ደብዳቤ መጣ። የመስማት ባለሙያዋ (ኦዲዮሎጂስቷ) ዝም አላለችም። የይግባኙን ደብዳቤ ራሷ ጻፈችልን፣ እስኪፈቀድ ድረስ ደግሞ በውሰት መሣሪያ ሰጠችን። ከኢንሹራንስ እምቢ የተባለ ሰው ካለ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥ፤ ይግባኝ የሚባለው ለዚህ ነው። አስተርጓሚም በነጻ ጠይቁ። ባለቤቴ እንግሊዝኛው ደህና ነው፤ ስለ ራስ ቅል አጥንት ሲሆን ግን ሁለታችንም አስተርጓሚዋን አመስግነናል።

ኢንተርኔት ላይ መሣሪያው ሲደረግለት ፈገግ የሚል ሕፃን አይታችሁ ይሆናል። የእኔዋ ፈገግም አላለች። ትክ ብላ አየችኝና ማሰሪያውን መንጠቅ ጀመረች። ለውጡ የመጣው ቀስ እያለ ነው። ድሮ የሚያስደነግጣት የዕቃ መውደቅና የመጥረጊያ ማሽኑ ጩኸት ብቻ ነበር፤ ተራ ወሬ አይደርሳትም። አሁን ከኋላዋ ቀስ ብዬ «ሚጢዬ፣ ነይ» ስላት ትዞራለች። ንዝረቱ ቆዳን አልፎ ስለሚሄድ ግን ትንሽ ይዳከማል፤ በተለይ እንደ «ስ» እና «ፍ» ያሉ ቀጭን ድምፆች። ሜሪላንድ ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ ከሚባለው ፕሮግራም ቤት ድረስ የምትመጣው ባለሙያ እነዚህን ትከታተላለች። በነጻ ነው። በየትኛው ቋንቋ ላናግራት ብዬ ስጠይቃት «አንቺ በደንብ በምትችይው» አለችኝ። ስለዚህ አማርኛ ነው።

ማንም ያልነገረኝ ነገር ቢኖር የፉጨቱ ነው። መሣሪያው የሆነ ነገር ሲነካው ሲጥ ይላል፤ የመኪና ወንበር፣ ትራስ፣ ኮፍያ። ሳዝላትማ አይጣል ነው። ጭንቅላቷን ጀርባዬ ላይ ጣል ስታደርግ ይጮኻል፣ ፊቷን ወደ ሌላው ጎን ሳዞረው ዝም ይላል። ቅዳሴ መሃል ሰው ሁሉ የማን ስልክ ነው ብሎ ሲፈልግ ቀና ብዬ ማየት አቅቶኝ ያውቃል። ማሰሪያው ሲላላ ድምፁ ይሳሳል፣ ሲጠብቅ ቆዳዋ ይቀላል፤ ጣቴን ከሥሩ አስገብቼ ነው የምለካው። ሹሩባዋንም ማሰሪያው የሚያርፍበት ቦታ ላይ እንዳይወፍር አድርጌ ነው የምሠራላት። ባትሪው ትንሽ ክብ ነው፣ ሕፃን ከዋጠው አደገኛ ነው። መዝጊያው ቁልፍ እንዲኖረው ጠይቁ።

ሚጢዬ አሁን ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗታል። ቀጣዩ ደረጃ የቲታኒየም ብሎን አጥንቷ ውስጥ ተክሎ መሣሪያውን እሱ ላይ መግጠም ነው። ስዊድን ጎተንበርግ ውስጥ በ1977 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነገር ነው፤ ቲታኒየም ከአጥንት ጋር አብሮ ይዋሃዳል። ድምፁም ቆዳ ስለማያግደው ይጠራል። የሕፃን የራስ ቅል ስስ ስለሆነ አሜሪካ ውስጥ የሚፈቀደው ከ5 ዓመት ጀምሮ ነው። አባቷ አምስት በሞላት ማግስት ይሠራላት ይላል። እኔ ማሰሪያው እየሠራ እያለ ምን አስቸኮለን ባይ ነኝ። ለመጨቃጨቅ ገና ሁለት ዓመት ተኩል አለን።