መጀመሪያ የሚቀረው ዛፍ ይለይ

ድሬዳዋ ውስጥ ፎቅ ሊሠራ ሲታሰብ ከሲሚንቶው ቀድሞ የሚወርደው አጣና ነው። ሳቢያን ሂዱ፣ ከዚራ ሂዱ፣ ግንባታ ባለበት ሁሉ ቀጥ ቀጥ ያለ የባህር ዛፍ እንጨት ተከምሮ ታገኛላችሁ። ቀጭኑ ለመወጣጫና ለድጋፍ ይሆናል። ወፈር ያለው ተሰንጥቆ ሞራሌና ጣውላ ይወጣዋል። ረጅሙና ቀጥ ያለው ደግሞ ለኤሌክትሪክ ምሰሶ ይፈለጋል። እኔ የምሠራው ይህን እንጨት ከደጋው እያወረደ ለከተማው በሚያቀርብ ድርጅት ውስጥ ነው። የደን ባለሙያ ነኝ። የሚቆረጠውን እለካለሁ፣ ከገበሬዎቹ ማኅበር ጋር ያለውን ጉዳይ እከታተላለሁ።

ደኑ ያለው ከደንገጎ በላይ ባለው ደጋ ነው። የሐረርን መንገድ ይዛችሁ ጠመዝማዛውን ስትወጡ የድሬ ሙቀት ከኋላ ይቀራል፤ ጃኬት ያልያዘ ሰው ይቆጨዋል። እኛ የምንቆርጥበት ተራራ አብዛኛው ባህር ዛፍ ነው። የሚጠብቁት በዙሪያው የሚኖሩ የኦሮሞ ገበሬዎች ናቸው፤ በማኅበር ተደራጅተዋል። ድርጅቱ ይቆርጣል፣ ማኅበሩ ድርሻውን ይወስዳል፣ ከዚያ ጉቶው ሲያቆጠቁጥ ከብት እንዳይገባበት ይጠብቃል። ባህር ዛፍ ለዚህ ምቹ ነው። ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ለቆረጣ ይደርሳል።

ማኅበረሰብና መንግሥት ወይም ድርጅት ደንን በጋራ ማስተዳደራቸው ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በጭሊሞ፣ በቦንጋ፣ በአዳባ ዶዶላ ተሞክሯል። የደን አዋጁም፣ ቁጥር 1065/2010፣ የማኅበረሰብን የደን ባለቤትነት አውቆታል። በሕግ በኩል በሩ ተከፍቷል።

የኛም ውል በወረቀት በኩል ምንም አልጎደለውም። በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። የማኅበሩ ኮሚቴ መጣ፣ ሽማግሌዎች መጡ፣ ከወረዳው ባለሙያ ተላከ። ትኩስ መጠጡ ሆጃ ቀረበ፣ ጫት ቀረበ። ውሉ ከላይ እስከ ታች ተነበበ፤ በኦሮምኛ ተብራራ። ሽማግሌዎቹ ጥሩ ጥሩ ጥያቄ ጠየቁ፤ በተለይ ስለ ዋጋው ለረጅም ሰዓት ተከራከሩ። በመጨረሻ ተፈረመ፣ ማህተም አረፈበት፣ ዱዓ ተደረገ። ከአዳራሹ ስንወጣ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር።

ቆረጣው በሚጀመርበት ጠዋት ፎርማናችን ደወለ።

«አቦ ቶሎ ና! ሴቶቹ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው አንነሳም ብለዋል።»

ስደርስ ሞተር መጋዞቹ ጠፍተዋል። ቆራጮቹ በጭነት መኪናው፣ በኤፍኤስአሩ፣ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ትንሽ ወረድ ብሎ፣ በሸለቆው አፍ ላይ፣ ሴቶች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዛፍ ተደግፈው ተቀምጠዋል። የእንጨት መሸከሚያ ገመዳቸው አጠገባቸው ነው። የተደገፉት ዛፍ ባህር ዛፍ አይደለም። ወይራ ነው። ሁሉም ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል፤ በእኛ አሠራር ቀይ ማለት ይቆረጣል ማለት ነው።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። የቆረጣውን ካርታ ያዘጋጀው በኮንትራት የመጣ ቡድን ነው፤ ከሳተላይት ምስል ላይ ነው የሠራው። ከላይ ሲታይ አረንጓዴው ሁሉ አንድ ነው። የብሎኩ (የሚቆረጠው የደን ክፍል) መስመር በቀጥታ ተሰምሮ ሸለቆውን አቋርጦታል። ቀለም ቀቢዎቹ ደግሞ መስመሩን ተከትለው የያዘውን ሁሉ ቀቡ።

«እናቴ፣ ምን ሆናችሁ ነው?» አልኳቸው በዕድሜ ትልቋን።

«ያ ልጄ፣ ወንዶቹ የፈረሙት ባህር ዛፉን ነው። ይሽጡት፣ ማንም አልከለከላቸውም። ይሄን ግን ማን ጠየቀን?»

ከፈረሙት ሽማግሌዎች አንዱ ሐጂ ተጠርተው መጡ። ካርታውን ዘርግቼ ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃኑ አዙረው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አድርገው «እዚህ ሥዕል ላይ ምንጩ የታለ?» አሉኝ።

አልነበረም። ምንጩ ካርታው ላይ የለም። ከወይራዎቹ ሥር፣ በድንጋይ የታጠረች፣ ጀሪካን ተደርድሮ የሚቀዳባት ምንጭ ናት። የአህያ መንገዱም የለም። አዳራሽ ውስጥ በተነበበው ውል ላይ የብሎክ ቁጥር እንጂ የምንጭ ስም አልነበረም። ሽማግሌዎቹ የተስማሙት በቃል በተነገራቸው ነገር ነው፤ የተባሉት ደግሞ «ባህር ዛፉ ይቆረጣል» ነው። ማንም አልዋሸም። ውሃ የሚቀዱትና እንጨት የሚለቅሙት ግን አዳራሹ ውስጥ አልነበሩም።

ትልቋ እናት ከተደገፉት ወይራ ተነስተው አንድ ቅርንጫፍ በጣታቸው አሳዩኝ። ጠጋ ብዬ አየሁት። ከግንዱ ዙሪያ የድሮ የምሳር ጠባሳ አለ፤ ቅርፊቱ እንደ ከንፈር ገጥሞ ሸፍኖታል። አዲሱ ቁስል ያለው በአንድ ጎን ብቻ ነው። ወይራውን የሚወስዱት የወተት ዕቃ ለማጠን ነው። ዘንድሮ ከዚህ ጎን፣ ከርሞ ከዚያ ጎን ይወስዳሉ፤ የተነካው ጎን እስኪያገግም አይነካም። ትምህርት ቤት በመጽሐፍ የተማርነውን አያያዝ እነሱ በምሳር ሲያደርጉት ኖረዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው ቀይ ቀለም ይዞ አይመጣም።

ሌላም ነገር አለ። ያ ሸለቆ ውሃውን የሚልከው ወደ ታች፣ ወደ እኛ ነው። የድሬ ሰው በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የሆነውን አይረሳም። ዝናቡ የበረታው ደጋው ላይ ነበር። ጎርፉ በሌሊት የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ መጣና ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ደቻቱ ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ገበያ ይቆምበታል። ተራራው ሲራቆት ውሃ የሚይዘው አያገኝም። ስለዚህ የነዚያ ሴቶች ወይራ የነሱ ጉዳይ ብቻ አይደለም። እኔ ከተማ ውስጥ ተኝቼ የማድረው እነሱ ያቆዩትን ሥር ተማምኜ ነው።

ሥራ አስኪያጃችን ጋ ደወልኩ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን መኪናው በቆመ ቁጥር የሚከፍለው እሱ ነው። «ፊርማ አለን፣ ማህተም አለን» አለኝ። «ማማከር ደግሞ የመንግሥት ሥራ ነው። ለወረዳው ደውልና ፖሊስ ይምጣ።»

ስለ መንግሥት ያለው ነገር ባዶ ሜዳ ላይ የተነሳ አይደለም። ካናዳ ውስጥ የሀይዳ ሕዝብ በጥንት ደናቸው ላይ ስለተሰጠ የእንጨት ፈቃድ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተሟግተዋል። ፈቃዱ የተላለፈው ዌየርሃውዘር ለሚባል ትልቅ የእንጨት ኩባንያ ነበር። ፍርድ ቤቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004 የወሰነው መንግሥት ነባር ሕዝቦችን የማማከር ግዴታ አለበት፣ የባለቤትነት ክርክሩ ገና ባያልቅም እንኳ፣ ብሎ ነው። ኩባንያው ግን ያ ሕጋዊ ግዴታ እንደሌለበት ፍርድ ቤቱ እዚያው ውሳኔ ላይ ተናግሯል። በሕግ ዓይን ለሥራ አስኪያጃችን የሚያደላ ነገር አለ። ዛፍ ሥር የተቀመጡት እናቶች ግን የሚያገኙት እኛን ነው። መጋዙን የያዝነው እኛ ነን። በፖሊስ የተነሳች ሴት ደግሞ ነገ ጉቶውን ከከብት አትጠብቅልህም፤ ጉቶው ካልተጠበቀ ከስንት ዓመት በኋላ ምን ልንቆርጥ ነው? ይህንኑ ነገርኩት። ዝም አለ። ከዚያ «እሺ፣ ትንሽ ቀን ውሰድ፤ ግን መፍትሔ ይዘህ ና» አለኝ።

ወንዶ ገነት የደን ትምህርት ስማር የሰማሁት አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ። ከሰሜን ኮንጎ ብራዛቪል ነው። ሲአይቢ የሚባል ኩባንያ ሰፊ ደን ተረክቦ እንጨት ይቆርጣል። በዚያው ደን ውስጥ ምቤንጄሌ የሚባሉ በአደንና በለቀማ የሚኖሩ ሕዝቦች አሉ። ኩባንያው ኤፍኤስሲ የሚባለውን የደን ማረጋገጫ ለማግኘት የነዚህን ሰዎች መብት ማክበር ነበረበት። ግን አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም፤ ካርታ ቢዘረጋላቸው ምን ይጠቅማል? አንትሮፖሎጂስቱ ጀሮም ሉዊስና ሌሎች ባለሙያዎች በእጅ የሚያዝ፣ ጽሑፍ የሌለው መሣሪያ አዘጋጁ። ስክሪኑ ላይ ሥዕል ብቻ ነው ያለው። ሰውየው ዛፉ አጠገብ ቆሞ ሥዕሉን ይነካል፤ ጂፒኤሱ ቦታውን ይመዘግባል። መቃብር ከሆነ የመቃብር፣ መድኃኒት ከሆነ የመድኃኒት። ሳፔሊ የሚባል ዛፍ አለ፤ ለኩባንያው ውድ ጣውላ ነው፣ ለምቤንጄሌ ግን የሚበላ አባጨጓሬ የሚወርድበት ዛፍ ነው። እነሱ የመዘገቡት ዛፍ ካርታው ላይ ይገባል፤ ቆራጩ ያልፈዋል። ካቦ የሚባለው የደኑ ክፍል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ማረጋገጫውን አገኘ።

ከዚያ ታሪክ ውስጥ እኔን የያዘኝ መሣሪያው አልነበረም። ቅደም ተከተሉ ነው። እኛ የሚቆረጠውን እናስቀድማለን፤ የሚቀረው የተረፈው ነው። እነሱ ጋ የሚቀረው አስቀድሞ ይታወቃል፤ የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

እኛ ጋ ስክሪንም አልነበረ፣ ኖራ ግን ነበር። በባልዲ በጥብጠን ይዘን ወጣን። ደንብ አወጣን፦ ኖራ የነካው ዛፍ አይነካም። ከፊት የሚሄዱት ሴቶቹ ናቸው። ቀጥሎ ሐጂውና ሁለት የኮሚቴ አባላት። እኔ ከኋላ ጂፒኤስ ይዤ። ፎርማናችን ባልዲውን ራሱ ተሸከመ፤ ይህን በማድረጉ አከብረዋለሁ።

ወይራዎቹ ተቀቡ። ከምንጯ በላይ ያለው ሾላ ተቀባ። ቀፎ የተሰቀለባቸው ዛፎች ተቀቡ፤ የማን ቀፎ እንደሆነም ተነገረኝ። አንድ ቦታ ስንደርስ ሁሉም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ድንጋይ ተኮልኩሏል፣ ሳር ሸፍኖታል። መቃብር ነው። ጽሑፍ የለው፣ አጥር የለው፤ እኛ ኤፍኤስአሩን የምናዞርበት ቦታ ብለን ምልክት ያደረግንበት ነበር። ሐጂው ፋቲሃ ቀሩ፤ እኛ ቆመን ጠበቅን።

ክርክርም ነበር። በሸለቆው ጠርዝ ላይ ያሉ ወፋፍራም ባህር ዛፎች ለምሰሶ የሚሆኑ ናቸው፤ ጥሩ ዋጋ ያወጣሉ። ሴቶቹ አፈሩን የያዙት እነሱ ናቸው አሉ። ከኮሚቴው አንዱ ተቆጣ፤ «ይሄ ገንዘባችን ነው፣ እንዴት ተትቶ ይሄዳል?» ብሎ። እውነት አለው፤ የማኅበሩም ድርሻ ይቀንሳል። ቁጭ ብለው በኦሮምኛ ተነጋገሩ። እኔ አልገባሁበትም። በመጨረሻ ከጠርዙ ያሉት ይቀሩ፣ ከኋላቸው ያሉት ይቆረጡ ተባለ። የተስማሙት እርስ በርሳቸው ነው፤ እኔ ብወስን ኖሮ አንዱ ወገን እስከ ዛሬ ያኮርፈኝ ነበር።

ከዚያ ትልቋ እናት ያላሰብኩትን አነሱ። «ጫፉና ቅርንጫፉስ የማን ነው?»

ግንዱ ሲወሰድ ጫፍ፣ ቅርንጫፍና ቅጠል መሬት ላይ ይቀራል። ድርጅታችን ይህን ለከሰል አክሳዮች ይሸጥ ነበር። ውሉ ስለዚህ አንድም ቃል የለውም። ለድርጅቱ ትንሽ ገንዘብ ነው። ለነሱ ግን የወራት ማገዶ ነው፤ ያ ማገዶ ካልተገኘ ምሳሩ ወደ ወይራው ይዞራል። ደን የሚያልቀው በመጋዝ ብቻ አይደለም፤ በጎደለ የማገዶ ሸክምም ነው። ሥራ አስኪያጃችን ይህን እንቢ ይላል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሒሳቡን ቁጭ ብለን ስንሠራው ግን መኪናው ከቆመባቸው ቀናት ኪራይ ያንስ ነበር። ተስማማ። በውሉ ላይ ተጨማሪ ገጽ ተጻፈ፤ የኖራው ካርታም ተያያዘ። በዚህኛው ገጽ ላይ ሴቶቹም ፈረሙ፣ መጻፍ የማይችሉት በጣት አሻራ።

ቆረጣው ቀጠለ። ቀዩን ቀለም ከወይራዎቹ ላይ ማስለቀቅ አልተቻለም፤ ቅርፊቱ ውስጥ ገብቷል። ኖራ ደርበንበታል።

አሁን ሁለተኛው ብሎክ ላይ ነን። ኖራው መጀመሪያ ይወጣል፤ ይህ የድርጅቱ መመሪያ ሆኗል። ያልተፈታው የገንዘቡ ጉዳይ ነው። የማኅበሩ ድርሻ የሚከፈለው በአባወራ ስም ነው። ሴቶቹ የራሳቸው ደብተር እንዲከፈትላቸው ይጠይቃሉ። ድርጅቱ የማኅበሩ የውስጥ ጉዳይ ነው ይላል። ማኅበሩ መተዳደሪያ ደንቡ አይፈቅድም ይላል። እኔ በሁለተኛው ብሎክ ውል ላይ አከፋፈሉ በባልና በሚስት በሁለቱም ስም እንዲሆን አንድ አንቀጽ ጽፌ አስገብቻለሁ፤ ደንቡን የሚያሻሽለው ጠቅላላ ጉባኤ ከመኸር በኋላ ይጠራል ተብሏል።