ኤድመንድስ ስትሄዱ ከመኪናው ቁልፍ በፊት የታይድ ሰንጠረዡን እዩ

ኤድመንድስ ከሲያትል መሐል ከተማ በስተሰሜን 15 ማይል ያህል ርቃ፣ ፑጀት ሳውንድ የሚባለውን የባሕር ወሽመጥ ተንተርሳ የተቀመጠች፣ ከ42 ሺህ በላይ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ሾርላይን፣ ሊንዉድ ወይም ማውንትሌክ ቴራስ ለሚኖር አበሻ ቤተሰብ ቅርብ ናት። ግን ብዙ ሰው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ይዞ ይሄድና ውሃው ዳር ላይ እስከተከመሩት ግንዶች ድረስ ሞልቶ ያገኘዋል። መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ይዞራል፣ ንፋስ ሲመታው ይቆያል፣ አይስክሬም ገዝቶ ይመለሳል። ያቺው ባሕር ዳር በሌላ ቀን ጠዋት የባሕር ኮከብ የተለጠፈባቸው ድንጋዮች ወጥተው፣ ልጆች ለሦስት ሰዓት የማይጠግቧት ቦታ ትሆናለች። ልዩነቱን የሚያመጣው ታይድ ነው፤ የባሕሩ ሙላትና ሽሽት።

(እዚህ የምጠቅሰው ሰዓት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሰንጠረዡም የሚታተመው እንደዚያው ስለሆነ በሐበሻ ሰዓት ስትቀጣጠሩ ስድስቱን ሰዓት አትርሱ።)

ባሕሩ እዚህ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ሁለቱ ሽሽቶች እኩል አይደሉም። አንዱ ጥቂት ብቻ ወረድ ብሎ ይመለሳል፤ ሌላኛው አሸዋውንና ድንጋዩን ገላልጦ ይሄዳል። በአማካይ በቀኑ ከፍተኛ ሙላትና በቀኑ ዝቅተኛ ሽሽት መካከል ያለው ልዩነት ሲያትል ላይ ከ11 ጫማ በላይ ነው፤ ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ መሆኑ ነው። ባሕሩ ዳር ዘንበል ያለ ስለሆነ ይህ ቁመት በአግድም ሲለካ ብዙ እርምጃ ይሆናል።

ኖዋ የሚባለው የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት የታይድ ትንበያውን በነጻ ያወጣል። ሲያትል የሚለውን ጣቢያ ምረጡ፤ የኤድመንድስ ሰዓት ከዚያ በደቂቃዎች ቢለይ ነው። የምትፈልጉት ፊቱ የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁጥር ነው። ዜሮ ማለት የቀኑ ዝቅተኛ ሽሽቶች አማካይ ነው። ዜሮ አካባቢ ከሆነ ለእግር መንገድ ጥሩ ነው። ከዜሮ በታች 1 ጫማ ሲደርስ ድንጋዮቹ መታየት ይጀምራሉ። ከዜሮ በታች 2 ጫማና ከዚያ በላይ የሚወርድበት ቀን ካገኛችሁ ግን ሌላውን ቀጠሮ ብታዛውሩ ይሻላል። እንዲህ ያለው ሽሽት የሚመጣው ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም አዲስ ስትወለድ አካባቢ ነው። በፀደይና በበጋ በቀን፣ ብዙውን ጊዜ ከረፋዱ እስከ ቀትር አለፍ ሲል ባለው ጊዜ ይውላል። በክረምት ደግሞ በሌሊት ስለሚሆን ያለ ባትሪ መብራት አይሞከርም። በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ፣ ቅዳሜ በ10 ሰዓት ከሸሸ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በ11 ሰዓት ገደማ ታገኙታላችሁ።

ሰንጠረዡ ከሚለው አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ውሃው እየሸሸ ሲሄድ ተከትላችሁት ትወርዳላችሁ፣ መመለስ ሲጀምር ደግሞ ፊታችሁን ወደ ዳር ታዞራላችሁ። ዘግይተው የሚመጡ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የሚመለሰው ውሃ ከፊት ለፊት ብቻ አይመጣም፤ ዝቅ ያለውን አሸዋ ከኋላ አልፎ ይሞላውና ልጆቹ የቆሙበት ጉብታ ደሴት ይሆናል። ጥልቀቱ ጉልበት ባያልፍም ቅዝቃዜው ቀላል አይደለም።

ለዚህ ሥራ የሚሻለው ቦታ ከፌሪው (ሰውና መኪና ከሚያሻግረው መርከብ) መነሻ በስተሰሜን ያለው ብራኬትስ ላንዲንግ ነው። በባዶ እግር አትሂዱ፤ ድንጋዩ ላይ የተጣበቀው ባርናክል የሚባል ዛጎል ያለው ትንሽ የባሕር እንስሳ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። የጎማ ቦቲ ወይም ያረጀ ስኒከር ይበቃል። ሰንደል ከሆነ ከኋላ የሚታሰር ይሁን፤ ነጠላ ጫማ ግን ጭቃው ነጥቆ ያስቀረዋል። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ሙሉ ቅያሪ ልብስና ሁለት ጥንድ ካልሲ ያዙ። በሐምሌም ቢሆን ንፋስ የማያስገባ ጃኬት ያስፈልጋል።

ድንጋይ ስትገለብጡ ከጡጫ የማይበልጠውን ብቻ ምረጡ፤ አይታችሁም እንደነበረ መልሱት። ከሥሩ የሚኖሩት ትንንሽ ክራቦች (ሸርጣኖች) እና ትሎች ፀሐይ ላይ ከቀሩ ይደርቃሉ። የባሕር ኮከብን ከድንጋይ ላይ አታላቅቁ፤ የሚይዝባቸው ትንንሽ እግሮች ይበጠሳሉ። አሸዋ ላይ እንደ ተቆረጠ የጎማ አንገትጌ የሚመስል ክብ ነገር ካያችሁ ቆሻሻ መስሏችሁ አታንሡት፤ ሙን ስኔይል የሚባለው ትልቅ ቀንድ አውጣ እንቁላሉን ከአሸዋ ጋር አጣብቆ የሠራው ነው። ከዚህ ባሕር ዳር ዛጎልም ሆነ ሕይወት ያለው ነገር ይዞ መሄድ አይፈቀድም። ከፊቱ ያለው ውሃ ከ1970 ጀምሮ የተጠበቀ የጠላቂዎች መናፈሻ ነው፤ 27 ኤከር ሲሆን በ1935 የሰመጠ የመርከብ መጠገኛ ቅሪት ከሥር አለበት። ጥቁር ልብስ ለብሰው ወደ ውሃው የሚገቡት ሰዎች እሱን ለማየት ነው የሚሄዱት።

ስለ ዋና ግልጽ ልሁን። ይህ ውሃ ዓመቱን ሙሉ ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ድንገት የገባበት ሰው ትንፋሹ ይቆራረጥበታል፣ እጁም በደቂቃዎች ውስጥ ይደነዝዛል፤ ጎበዝ ዋናተኛም ከዚህ አያመልጥም። ልጆች ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ይጫወቱ፣ ከዚያ አይለፉ። ዳር ላይ የተከመሩት ትላልቅ ግንዶች ደግሞ በደረቅ መሬት ላይ ሳሉ ጥሩ መቀመጫ ናቸው። ውሃ ከነካቸው ግን አንዲት ማዕበል ብቻ ታንከባልላቸዋለች፤ በዚያን ጊዜ ልጅ አጠገባቸው መቆም የለበትም።

ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ሲል የሚባለው የባሕር አጥቢ እንስሳ ግልገል ብቻውን ተኝቶ ልታገኙ ትችላላችሁ። እናቱ ዓሣ ፍለጋ ትታው ሄዳ ነው እንጂ የጠፋ አይደለም። ሰው ከከበበው እናቲቱ አትመለስም። 100 ያርድ ራቁ፣ ውሃ አታፍስሱበት፣ ወደ ባሕሩም አትግፉት።

ከመኪና ማቆሚያ በፊት የምታስቡት ሌላው ነገር ባቡር ነው። ሐዲዱ ከተማዋንና ባሕሩን ለሁለት ይከፍላል፤ መሻገሪያዎቹ ሜይን ስትሪትና ዴይተን ስትሪት ላይ ናቸው። ረጅም የጭነት ባቡር ሲያልፍ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይዘጋሉ። ስለዚህ ላይ ከተማ ቡና ጠጥታችሁ ለፌሪ የምትሮጡ ከሆነ ቢያንስ 20 ደቂቃ ቀድማችሁ ሐዲዱን ተሻገሩ። ዳር ያሉት ማቆሚያዎች ፀሐያማ ቅዳሜ ቶሎ ይሞላሉ። ላይ ከተማ ስታቆሙ የሰዓት ገደብ የተጻፈበትን ምልክት አንብቡ፤ የታይድ ጉዞ ከምትገምቱት በላይ ይረዝማል።

ፌሪው ከባሕሩ ማዶ ወዳለችው ኪንግስተን 30 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ለእንግዳ ከዚህ የተሻለ የባሕር ሽርሽር በዚህ ዋጋ አይገኝም። ዘዴው መኪናውን ትቶ በእግር መግባት ነው። በበጋ ቅዳሜና እሑድ የመኪናው ሰልፍ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ እግረኛ ግን ትኬቱን ቆርጦ ይገባል። እግረኛ የሚከፍለው ከኤድመንድስ ሲነሣ ብቻ ነው፣ ሲመለስ አይጠየቅም። 18 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ደግሞ ከጥቅምት 2022 ጀምሮ በነጻ ይሳፈራሉ። አራት ልጆች ላለው ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሰማዩ ከጠራ ስትሄዱ በግራ በኩል ሬኒር ተራራን፣ በቀኝ ከኋላ ቤከርን ታያላችሁ፤ ፊት ለፊት የኦሊምፒክ ተራሮች ሰንሰለት ይዘረጋል። የፊቱ ሰገነት ላይ ንፋሱ ኃይለኛ ነው፣ ሕፃን የያዘ ሰው ከጎን በኩል ቢቆም ይሻለዋል። ኪንግስተን ስትደርሱ ወደብ አጠገብ ያለውን መናፈሻ ዞር ዞር ብላችሁ በሚቀጥለው ወይም በሁለተኛው ፌሪ ተመለሱ።

ዓሣ ማጥመድ ለሚወድ የኤድመንድስ ፒር፣ ማለትም ወደ ባሕሩ የገባው የማጥመጃ ድልድይ አለ፤ ጀልባ አያስፈልግም። ዕድሜው 15 የሞላ ሰው ሁሉ የዋሽንግተን ፈቃድ ይቆርጣል። ለሳልሞን የጨው ውሃ ዓሣ ፈቃድ፣ ለስኩዊድና ለክራብ የሼልፊሽ ፈቃድ ነው፤ ሁለቱንም ለሚፈልግ የተጣመረ አለ። የሚፈቀደው ቀንና ብዛት በየጊዜው ስለሚቀየር በሄዳችሁበት ዕለት ጠዋት ፊሽ ዋሽንግተን የተባለውን የስልክ መተግበሪያ ክፈቱ። የባለፈው ዓመት ሕግ አይሠራም።

ሳልሞን የሚበዛው በነሐሴና በመስከረም ነው። ፒንክ የሚባለው ዝርያ በጎደሎ ቁጥር ዓመታት፣ ማለትም በ2025፣ በ2027፣ በገፍ ይመጣል፤ ለጀማሪ እሱን የሚያህል የለም። በዝ ቦምብ የተባለውን ሮዝ ብረት አርቃችሁ ወርውሩት፣ ወደ ታች እንዲሰምጥ ቁጠሩ፣ ዘንጉን ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ ልቀቁት። ዓሣው የሚነክሰው ብረቱ ሲወድቅ ስለሆነ ስትለቁት ክሩ ጨርሶ እንዳይላላ። ለሳልሞን መንጠቆው ላይ ያለችው ወደ ኋላ የዞረች ትንሽ ሹል መኖር የለባትም፤ በፒንሳ ጨፍልቋት። ፒሩ ከውሃው በጣም ከፍ ስለሚል ዓሣውን በክሩ ብቻ ጎትቶ ማውጣት አይሆንም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ይወድቃል። በገመድ የሚወርድ መረብ ያዙ፣ ወይም ጎረቤታችሁን ጠይቁ። ፒር ላይ መረብ መዋዋስ ልማድ ነው።

ስኩዊድ የሚባለውን ባለ ብዙ ክንድ የባሕር እንስሳ ማጥመድ የክረምት ሌሊት ሥራ ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር። ብርሃን ይስበዋል፣ ግን ብርሃኑ መሐል አይቆምም፤ ጥላና ብርሃን በሚገናኙበት መስመር ላይ ያደባል። ስለዚህ በጨለማ የሚያበራውን ጂግ የተባለ ማጥመጃ መስመሩ ላይ በቀጥታ አውርዱት፣ ከሥር አንድ ሁለት ሜትር ከፍ አድርጋችሁ በአጭር በአጭሩ ነቅነቅ እያደረጋችሁ ያዙት። ሲይዝ እንደ ዓሣ አይመታም፤ እርጥብ ፌስታል የተንጠለጠለ ያህል ክብደት ብቻ ይሰማችኋል። በዚያን ጊዜ አትመንጭቁ፤ መንጠቆው ወደ ኋላ የዞረ ሹል ስለሌለው ክሩ ለአፍታ ከላላ ያመልጣል። ሳታቋርጡ በእኩል ፍጥነት ጠቅልሉ። ከውሃው እንደወጣ ቀለሙን እስኪተፋ ጥቂት ሰከንድ ከፒሩ ውጭ አንጠልጥሉት፤ የጎረቤታችሁ ጃኬት ላይ ከተፋው አይለቅም።

ክራብ በበጋ የሚከፈት አጭር ወቅት አለው። ለፒር የሚሻለው የቀለበት መረብ ነው። የዶሮ እግር ወይም የሳልሞን ጭንቅላት መሐሉ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ እስከ ታች አውርዱት፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ሳታቆሙ በፍጥነት ጎትቱት። መረቡ ታች ላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሚተኛ ቀስ ብሎ የሚጎትት ሰው ክራቡን በጎን ይሸኘዋል። ዳንጂነስ የተባለው ክራብ የሚወሰደው ወንድ ከሆነ፣ የላይ ሽፋኑ ጠንካራ ከሆነና የጀርባው ስፋት ቢያንስ 6¼ ኢንች ከሆነ ነው። የሚለካው ከዳርና ዳር ሹሎቹ በፊት ባለው ቦታ ነው፤ ጫፎቹ አይቆጠሩም። ሆዱ ላይ ያለው ክዳን ጠባብ ከሆነ ወንድ፣ ሰፊ ከሆነ ሴት ናት። እንደያዛችሁ ወዲያው የያዛችሁትን የምትመዘግቡበት ካርድ ላይ ጻፉ። ወቅቱ ሲያልቅ ምንም ባትይዙም ካርዱን ሪፖርት አድርጉ፤ ያላደረገ በሚቀጥለው ፈቃድ ላይ 10 ዶላር ይጨመርበታል። ከመቀቀላችሁ በፊት የሆድ ዕቃውን አውጥታችሁ ጣሉ። ከአንዳንድ የባሕር አልጌ የሚመጣው መርዝ የሚጠራቀመው እዚያ ነው፣ እሳትም አያጠፋውም።

ሃይማኖቱ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የማይፈቅድለት ሰው ሳልሞኑን ይጠብቅ፤ እሱ ሁለቱም አለው።

ሌላውን ባጭሩ። ከፒሩ በስተደቡብ ማሪና ቢች ፓርክ የልጆች መጫወቻና ውሻ ያለ ማሰሪያ የሚለቀቅበት የባሕር ዳር ክፍል አለው። ከሐዲዱ ማዶ ያለው ረግረግ ላይ ሽመላ የሚመስለውን ትልቁን ግራጫ ሄረን ቆማችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ ሩቅ የሚያሳይ መነጽር (ባይኖኩላር) ካላችሁ ያዙ። በበጋ ቅዳሜ ጠዋት ላይ ከተማ የገበሬዎች ገበያ ይቆማል። ቡናውን ግን ከቤት አፍልታችሁ በፔርሙዝ አምጡ። ንፋሱና የደረቁት ግንዶች ባሉበት ከሰል ማቀጣጠል አደገኛ ነው። ዳቦውንም ሸፍኑት፤ እዚህ ያሉት የባሕር ወፎች ከሕፃን እጅ ይነጥቃሉ።

ጀምበሯ የምትጠልቀው ከኦሊምፒክ ተራሮች ጀርባ ነው። በሰኔ ከምሽቱ 9 ሰዓት አልፎ፣ በታኅሣሥ አጋማሽ 4 ሰዓት ከ20 ገደማ። ከጠለቀች በኋላ ሌላ 20 ደቂቃ ቆዩ፤ ቀይ ቀለሙ የሚደምቀው ያን ጊዜ ነው፤ ሰዉም መኪናውን አስነሥቶ ስለሚሄድ ግንዶቹ ለእናንተ ይቀራሉ።