ከቆራሌው ጆንያ የወጣች ጊታር

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ እያጠብኩ ነበር። "ቆራሌው!" የሚለው ጩኸት በራችን ሲደርስ ጎረቤቴ እማማ ጠሩት። እማማ የምላቸው ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ስለሚላቸው ነው፤ ስማቸውን እንዳልጽፍም አስጠንቅቀውኛል። ከኩሽናቸው ቆጥ ያወረዱትን ሁሉ ደጅ ላይ ደርድረውታል። የዘይት ጀሪካን፣ ቂጡ የተበሳ ድስት፣ እግሩ የጎደለ ወንበር። ልጁ ዕቃውን ወደ ጆንያው ሲከት አንዱ ነገር አልገባም አለው። ቀና ብዬ ሳይ የጊታር አንገት ነው።

የእጄን አረፋ በቀሚሴ እየጠረግኩ ሮጥኩ።

"እሱን በስንት ገዛኸው?"

"ሁሉንም በጅምላ ነው እህቴ።" ዓይኔን አየት አደረገና ዋጋውን ጠራ። "500 ብር።"

በ300 ተስማማን። ነገሩ ለእማማ እስካሁን አልተዋጠላቸውም። "ምነው ብትነግሪኝ! በነፃ እሰጥሽ አልነበር? እኔ እኮ ድስቱንም ጀሪካኑንም ጨምሬ በ150 ነው የሸጥኩለት!"

የጥርስ ቴክኒሻን ነኝ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው የምሠራው። ጊታር ጠግኜ አላውቅም፤ ከተማሪነት ዘመን የቀሩኝም አራት ኮርዶች ናቸው። ግን ትንንሽ ሞረድ፣ የሰም ቢላዋ፣ ጄሶና የጥርስ መስታወት ያለው ሰው የተሰበረ ነገር አይቶ ማለፍ ይከብደዋል።

ማታ መስታወቷን በድምፅ ቀዳዳው አስገብቼ በስልኬ መብራት አየሁ። ከሸረሪት ድሩ ኋላ፣ ጀርባው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ። ሙሲማ። ምሥራቅ ጀርመን። ሙሲማ ማርክኖይኪርሽን በምትባል ትንሽ ከተማ የነበረ የመንግሥት ፋብሪካ ነው። ከተማዋ ከቼክ ድንበር አጠገብ ናት። የቫዮሊን ሠሪዎች ማኅበር ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1677 ነው። ዛሬ ሰው በሺህ ዶላሮች የሚገዛውን የማርቲን ጊታር የጀመረው ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲንም እዚያው ተወልዶ በ1833 ነው ወደ አሜሪካ የሄደው። ስለዚህ የእኔዋ ጊታር የማርቲን የአገሩ ልጅ ናት ማለት ነው። ድሃ ዘመድ፣ ግን ዘመድ።

ጊታሯ የእማማ ባለቤት ንብረት ነበረች። እሳቸው ከሞቱ ቆይተዋል። በደርግ ጊዜ ላይፕዚግ የኅትመት ሙያ ተምረው በ1975 ዓ.ም. ሲመለሱ ይዘዋት መጡ። ያኔ ከምሥራቅ ጀርመን ጋር ወዳጅነቱ የጦፈ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 እነሱ ቡና ሲቸግራቸው እኛ ቡና ሰጥተን መሣሪያ ተቀብለናል። ከዚያ ሁሉ ልውውጥ ዜማ ያለው ነገር እማማ ኩሽና ቆጥ ላይ መቅረቱ ይገርመኛል።

አሁን ወደ ሕመሟ። መልኳ ከጥላሸት የተነሳ አይታይም። ፊቷ ከድልድዩ ጀምሮ እስከ ታች ተሰንጥቋል። ድልድዩ ራሱ፣ ማለትም ክሮቹ የሚታሰሩበት እንጨት፣ ከኋላ በኩል ተነስቶ ሁለት ዝገት የበላቸው ቪቴዎች ቀርቅረውታል። የቀሩት ሁለት ክሮች ብረት ናቸው። የችግሩ ሥር እነዚህ ክሮች ናቸው። ጊታሯ የተሠራችው ለናይለን ነው። ስድስት የናይለን ክሮች ተወጥረው በጠቅላላው 40 ኪሎ ገደማ ይስባሉ፤ ብረት ግን ወደ 70 ኪሎ ይጠጋል። በአንዲት ቀጭን ሳንቃ ላይ ዓመቱን ሙሉ አንድ ጎልማሳ እንደማንጠልጠል ነው። እንጨቱ ሲሸነፍ ቪቴ ተመታበት። በዚያ ላይ የአዲስ አበባ በጋ አለ። አየሩ ሲደርቅ እንጨት በጎኑ ይኮማተራል፤ መኮማተሪያ ካጣ ይሰነጠቃል። ከሥሩ ደግሞ የእማማ እሳት።

የሰፈራችን አናጢ ገና ሲያያት ፈረደ። "በብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት አድርገን ቫርኒሽ ነው፣ አዲስ ትሆናለች።" አዲስ ጊታር ብፈልግ ኖሮ ከቆራሌው ጋር እከራከር ነበር?

ጥላሸቱን ያጸዳሁት በምራቅ ነው። አትሳቁ። ምራቅ ውስጥ ቆሻሻ የሚሰባብር ኢንዛይም አለ፤ የሙዚየም ጠጋኞችም የድሮ ሥዕል በምራቅ ያጸዳሉ። ጥጥ በእንጨት ጫፍ ጠቅልዬ፣ አፌ ውስጥ አርጥቤ፣ በአንድ ምሽት የመዳፍ ያህል። ሦስት ሳምንት ፈጀ። ባለቤቴ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሌላ ክፍል ሄዶ ቴሌቪዥን ማየት ጀመረ። ከጥላሸቱ ሥር ግን የማር ቀለም ወጣ። ሽታው አልለቀቀም። ዛሬም ከሰዓት ፀሐይ ሲያገኛት ከሆዷ የበርበሬና የጭስ ሽታ ይወጣል።

ድልድዩ ፈተነኝ። ቪቴዎቹን በካቻቢቴ አወጣሁ። ከዚያ የሰም ቢላዋዬን እያሞቅኩ በሥሩ ቀስ እያልኩ አስገባሁ። የድሮው ሙጫ ከእንስሳ ቆዳ የተሠራ ዓይነት ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ይለቃል። ለዚህ ነው የምወደው። የዛሬው ነጭ ኮላ አንዴ ከያዘ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ሁለት ቀን በትዕግሥት ሠራሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ ደክሞኝ መጣሁና ገፋ አደረግኩት። ከፊቷ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ስንጥር ይዞ ተነሳ። መልሼ ለጥፌዋለሁ፤ ግን የት እንዳለች ዓይኔን ጨፍኜ አገኛታለሁ።

ስንጥቁን ከመለጠፌ በፊት ጊታሯን ውኃ አጠጣኋት። የተበሳሳ የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ አድርጌ ሆዷ ውስጥ አስቀመጥኩና በፕላስቲክ ሸፈንኳት። በዘጠነኛው ቀን ስንጥቁ ራሱ ተገጥሞ ፀጉር እንኳ አያስገባም። ሙጫ አስገብቼ ከውስጥ ትንንሽ የዝግባ ቁራጮች አግድም ለጠፍኩበት፣ በመስታወት እያየሁ። ሥራዬ ላይ መንጋጋ እንዲህ ነው የማየው። ልዩነቱ ጊታር አፏን አትዘጋም።

የምኮራበት ደግሞ ጄሶው ነው። ፊቷ በክሮቹ ጉተታ አብጧል፤ ድልድዩን መልሰህ ስትለጥፍ ጠፍጣፋ እንጨት ብታስደግፍባት ሞርሳው ሲጠብቅ ሌላ ቦታ ይሰብራታል። እኔ ልክ እንደ ድድ ቅርፁን በጄሶ ወሰድኩ። የደረቀው ጄሶ ላዩ ላይ ጓንት ሆኖ ተቀመጠ። አናጢው አይቶ ሳቀ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳው።

ክሮቹ አንገቷ አናት ላይ የሚያርፉባት ፕላስቲክ ተሰብራ ስለነበር ሉካንዳ ሄጄ ቅልጥም ጠየቅኩ። ባለ ሉካንዳው "ለውሻ ነው?" አለኝ። "ለጊታር" አልኩት። መቅኔውን አውጥቶ ሰጠኝ፤ ሌላ አልጠየቀም። ቀቅዬ፣ ቅባቱን አውጥቼ፣ ሞርጄ ስድስት ቦይ አበጀሁለት። አጥንት መሞረድ ሙያዬ ነው ማለት ይቻላል።

በሦስተኛው ወር ናይለን ክር አሰርኩ። መጀመሪያ ግማሽ ድረስ ብቻ ወጥሬ ሦስት ቀን ጠበቅኩ። ሌሊት ተነስቼ ድልድዩን በጥፍሬ መታ መታ አደርግ ነበር። ያዘ። ከአንድ ቦታ በቀር ድምፅዋ ጠራ። ሦስተኛው ክር ሰባተኛው ፍሬት ላይ፣ ማለትም አንገቷ ላይ ከተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች ሰባተኛው ላይ፣ ይንጫረራል። ፍሬቱ እዚያች ነጥብ ላይ ብቻ ቦይ ሆኖ ተበልቷል፤ ስለዚህ ክሩ ስምንተኛውን ይነካል። በገና ላይ ቢሆን ግድ የለም። እዚያ ክሩና በርኩማው (የበገናው ድልድይ) መካከል እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ የሚገባው እንዲንጫረር ተብሎ ነው። ጊታር ላይ ግን ጉድለት ነው። ስምንተኛውን ትንሽ ሞረድ ማድረግ ይበቃል፣ የአሥር ደቂቃ ሥራ። ለእሑድ ቀጠርኩት።

ቅዳሜ እማማ ቡና ጠሩኝና ይዣት ሄድኩ። በትዝታ ቅኝት ትንሽ ነካካሁላቸው። ጸጥ ብለው ሰሙኝ። ጨረስኩ።

"ቆንጆ ነው" አሉ። ቡናውን ቀድተው ሰጡኝ። "ግን የእሱ እንዲህ አልነበረም። የእሱ ይንጫጫ ነበር።"

ጣቴን ሦስተኛው ክር ላይ ወደ ሰባተኛው ወሰድኩና መታሁት። ዝዝዝ አለ።

እማማ ረከቦቱን ወደ ጎን ገፉት። "ድገሚው" አሉኝ።

ያ ከሆነ አራት እሑድ አልፏል። ሞረዱ አሁንም መሳቢያ ውስጥ ነው።