ሳንቲም የምትመስለው ባትሪ

ዛሬ አንድ የልጅ ኤክስሬይ ላይ አፍጥጬ ዋልኩ። ደረት መሐል ክብ ነገር ይታያል፤ ሳንቲም ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እባካችሁ ጠርዙን አጉልታችሁ እዩት! ከፊት ሲነሳ ድርብ ቀለበት፣ ከጎን ሲነሳ እርከን ካሳየ ባትሪ ነው። ለነገ አይቀጠርም።

ባለ 20 ሚሊ ሜትሯ የሪሞትና የመኪና ቁልፍ ሊቲየም ባትሪ የምግብ ቧንቧ ውስጥ ስትቀረቀር በእርጥቡ ሥጋ ኤሌክትሪክ ያልፋል። በኔጌቲቩ፣ ማለትም በጠበበው ፊቷ በኩል ብርቱ አልካላይ (የሚያቃጥል ኬሚካል) ይፈጠርና በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ክፉኛ ያቃጥላል። ስለዚህ ማቃጠል ለመጀመር መፈንዳት ወይም መፍሰስ አያስፈልጋትም። «አልቃለች» ተብላ የተጣለችውም ታቃጥላለች።

ምልክቱ ያሳስታል፦ ምራቅ ማዝረብረብ፣ ምግብ እምቢ ማለት፣ ሳል። ከጉንፋን ጋር የሚምታታው ለዚህ ነው።

ወላጆች፣ ልጁን አታስመልሱት። ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ፣ መዋጥ ከቻለና ከዋጣት 12 ሰዓት ካልሞላው፣ በየ10 ደቂቃው 2 የሻይ ማንኪያ ማር ስጡት፤ ቢበዛ 6 ጊዜ፣ ያውም ወደ ሆስፒታል እየሄዳችሁ። ማሩ ቃጠሎውን ያዘገያል እንጂ ባትሪዋን አያወጣም።

በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቱቦ) ከወጣችም በኋላ ጉዳቱ ይቀጥላል። ከቀናት በኋላ የአየር ቧንቧን፣ ከሳምንታት በኋላም አኦርታን (ከልብ የሚወጣውን ትልቁን የደም ቧንቧ) ሊበሳ ይችላል። ትንሽም ቢሆን ደም ያስመለሰ ልጅ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይመለስ።