ማርሚታውን ጥረግ

አይ 95 የሚባለውን አውራ ጎዳና የማያውቅ የዲሲና የቨርጂኒያ ሐበሻ ሹፌር ያለ አይመስለኝም። በደህናው ቀን እንኳ ያማርራል። ጃንዋሪ 3 ቀን 2022 ግን ሌላ ነገር ነበር። በእኛ ታኅሣሥ 25፣ ገና አራት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። እኔና ጋሼ የበዓል ዕቃ ጭነን ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሪችመንድ እየሄድን ነበር። እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና።

የሚገርመው፣ እሁድ ዕለት ሰው በካናቴራ ነበር የሚሄደው። ሌሊቱን ዝናብ መጣ፣ ሊነጋጋ ሲል ዝናቡ ወደ በረዶ ተለወጠ። የመንገድ መሥሪያ ቤቱ በረዶ እንዳይጋግር የሚረጨውን ጨው ያለበትን ውኃ አስቀድሞ ያልረጨው ዝናቡ ያጥበዋል ብሎ ነው። እውነቱን ነው፣ ያጥበዋል። ግን በረዶው ሲጀምር በሰዓት ሁለት ኢንች ገደማ ይጥል ስለነበር ጠራጊ መኪኖቹ ከኋላ ከኋላ እየተከተሉት ቀሩ። ትልልቆቹ ተሳቢዎች ተንሸራተው መንገዱ ላይ ሲጋደሙማ፣ አለቀ፣ ጠራጊውም ማለፊያ አጣ።

ጋሼ ጠዋት ለአለቃችን ደውለው “ዛሬ ብንቀር ይሻላል” ብለውት ነበር። “ጋሼ፣ በዓል እኮ ነው፣ ባለሱቆቹ ይጮኹብኛል” አለ። ቤቱ ለተቀመጠ ሰው መንገድ ሁሌም ክፍት ነው። እሳቸውም አልተከራከሩም፣ ግን ታንኩ ከግማሽ በላይ እያለው ካልሞላሁ አልነሳም ብለው ማደያ ገብተው አስጠበቁኝ። ሁሌም እንዲህ ናቸው። ነዳጅ ከግማሽ ሲወርድ ራሳቸውን ያማቸዋል።

ስታፎርድ አካባቢ ቆምን። መጀመሪያ ተራ አደጋ መስሎን ነበር፣ አሁን ይከፈታል፣ አሁን ይከፈታል ስንል ቀትር አለፈ። ከሰዓት በኋላ በረዶው አቆመ፣ መንገዱ ግን ንቅንቅ አላለም። ሲመሽ ብርዱ ከዜሮ በታች ወረደና ቀን የቀለጠው ሁሉ መስታወት ሆነ። ወርዶ ለመሄድ የሞከረም ሰው ነበር። ጋሼ “አንተ ልጅ፣ እንዳታስበው፣ መኪናው ቤትህ ነው” አሉኝ።

ከወንበሩ ኋላ ያቺን ሻንጣቸውን አወጡ። ብርድ ልብስ፣ ጋቢ፣ የእጅ ባትሪ፣ ውኃ፣ ኩርቱ ፌስታል ሙሉ ቆሎ፣ አጭር አካፋ፣ ጎማ ሥር የሚበተን የድመት አሸዋ። ስልክ መሙያም አለ። ከዚያ ሥርዓቱን ነገሩኝ። ሞተር በሰዓት አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ ይነሳል፣ ሂተሩ ቤቱን ያሞቃል፣ ይጠፋል። ነፋስ በማይመታው በኩል መስኮቱ ጣት የምታህል ይከፈታል። ሞተር ከመነሳቱ በፊት ደግሞ አንዳችን ወርደን የማርሚታውን፣ የጭስ ማውጫውን ማለት ነው፣ አፍ እንጠርጋለን። በየጊዜው። ሳይቀር።

ሦስተኛው ላይ ሰለቸኝና “ጋሼ፣ አሁን እኮ ጠርጌዋለሁ” አልኳቸው።

“ብርድ ያንቀጠቅጥሃል፣ ይቀሰቅስሃል” አሉኝ። “ጭስ ግን እሹሩሩ ብሎ ነው የሚወስድህ። ውረድና ጥረግ።”

ወረድኩ፣ ምን አደርጋለሁ። አገር ቤት በር ዘግተው ከሰል አቀጣጥለው ተኝተው በዚያው የቀሩ ሰዎችን ወሬ ያልሰማ ማን አለ? የመኪናውም ነገር ያው ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ማርሚታው በበረዶ ከታፈነ ጭሱ መውጫ ሲያጣ ከሥር እየተጠራቀመ ወደ ውስጥ ይገባል። ራስህን ያምሃል፣ ያቅለሸልሽሃል፣ እንቅልፍ ይጫጫንሃል። ሰው ደክሞኝ ነው ይላል።

ሌሊት ሰባት ሰዓት አካባቢ ለመጥረግ የጋሼ ተራ ነበር። ወርደው ቆዩ። ዞር ብዬ ሳይ ከእኛ መኪና አልፈው ዳር ላይ የቆመች ትንሽ ነጭ መኪና ጋ ጎንበስ ብለዋል። ሹፌሩ ቀን ላይ ለመዞር ሲሞክር ኋላዋን የበረዶ ክምር ውስጥ ሰክቷት ነበር። ሞተሯ ከምሽት ጀምሮ ጠፍቶ አያውቅም። ባትሪ ይዤ ሄድኩ። የማርሚታው አፍ ዙሪያ በረዶው ቀልጦ፣ መልሶ ረግቶ፣ ጥቀርሻ የመሰለ ጥቁር ክዳን ሠርቷል። መስኮቶቹ በትንፋሽ ተሸፍነዋል።

ጋሼ በእጃቸው አንኳኩ። መልስ የለም። በአካፋው እጀታ ደበደቡት። አንድ ወጣት ዓይኑን እያሸ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። “ኦፍ! ኦፍ!” ይላሉ ጋሼ፣ ቁልፍ እንደሚያጠፋ ሰው ጣታቸውን እያዞሩ። ልጁ ነገሩ ወዲያው አልገባውም። ራሴን አሞኛል አለ። አጠገቡ ያለችው ልጅ በሩን ስንከፍተው አስመለሳት። ሁለቱንም ደግፈን አወጣናቸውና ነፋስ ላይ አቆምናቸው፣ 911 ደወልን። ንጹሕ አየር ላይ ይቆዩ፣ ወደዚያች መኪና እንዳይመለሱ፣ ሰው ለመላክ እንሞክራለን ተባልን። ትንሽ ሲሻላቸው ጋቢውን አልብሰን፣ ሞተሩን አጥፍተን፣ የእኛን ቫን መስኮት ከፍተን ውስጡ አስቀመጥናቸው። የመንገድ ሠራተኞች በእግር እስኪደርሱልን ድረስ ጋሼ አላስተኟቸውም። ዓይናቸው ከደን ባለ ቁጥር ቆሎ ያስጨብጧቸዋል።

ሲነጋ ረኃቡ መጣ። በርበሬና ሽሮ በደረቁ አይበላ ነገር! እንጀራው ግን ነበር። ጋሼ አለቃውን ሳይጠይቁ ፌስታሉን ቀደዱና በየመኪናው ማደል ጀመሩ። “ይሄ ስፖንጅ ምንድን ነው?” ያለ ሁሉ ሁለተኛ ጠይቋል። ለካ እኛ ብቻ አልነበርንም፣ ሽሚት የሚባለው ዳቦ አምራች ድርጅት መኪናም ሰልፉ ውስጥ ተይዞ ኖሮ፣ ሰዎች ለድርጅቱ ደውለው አስፈቅደው ዳቦው ታድሏል። ሴናተር ቲም ኬይንም ከሪችመንድ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ 27 ሰዓት እዚያው መንገድ ላይ ተይዞ፣ አንድ ቤተሰብ ብርቱካን ሰጥቶታል። በረዶ ሥልጣን አያይም።

ማክሰኞ ቀስ እያሉ ለቀቁን። ደግነቱ የሞተ ሰው አልተሰማም።

አለቃችን መጀመሪያ የጠየቀው “ስንት እንጀራ ተረፈ?” ብሎ ነው። ጋሼ “ከደመወዜ ቁረጠው” አሉትና ስለ ነጭዋ መኪና ነገሩት። ዝም አለ፣ አልቆረጠም። ከዚያ ወዲህ የአየር ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ልሂድ አልሂድ የሚለው ሹፌሩ ነው። ለየቫኑም አካፋና ብርድ ልብስ ገዛ። ጋሼ ሻንጣዎቹን አንድ በአንድ ከፍተው ፈተሹና “የጭስ ማንቂያው የታለ?” አሉት። በባትሪ የሚሠራ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲኖር የሚጮህ ዕቃ ነው፣ የቤት ዕቃ መሸጫ ሁሉ አለ። እሱንም አስገዙት። ባትሪውን በየወሩ የሚያዩት ግን ራሳቸው ናቸው። እኛን አያምኑንም።