በስፔን የተሳላሚዎች መንገድ፦ በእግር ተጉዤ፣ ተመልሼም እንግዳ ተቀብዬ

ከደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ተነሥቶ፣ የፒሬኔን ተራሮች አቋርጦ፣ በሰሜን ስፔን በኩል እስከ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ከተማ የሚዘልቀው ጎዳና ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በስፔንኛ «ካሚኖ» የሚባለው ይህ መንገድ የሐዋርያው ያዕቆብ ዐፅም ወዳረፈበት ነው ወደሚባለው ካቴድራል ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ምእመናንን ሲያደርስ የኖረ ሲሆን፣ በስፔን የሚያልፈውን ክፍል ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1993 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እኔ መንገዱን የማውቀው በሁለት በኩል ነው። መጀመሪያ ሻንጣዬን በጀርባዬ አዝዬ ከዳር እስከ ዳር ተጉዤበታለሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በአንዲት የካስቲያ መንደር በሚገኝ የተሳላሚዎች ማረፊያ ቤት በበጎ ፈቃድ አገልግያለሁ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ መጀመሪያው ነው፤ እኔ ይበልጥ መናገር የምፈልገው ግን ስለ ሁለተኛው ነው።

የምኖረው በፍራንክፈርት ሲሆን፣ ወደ መነሻዋ ከተማ ወደ ሳን ዣን ፒዬ ደ ፖር የደረስሁት በባቡር ነው። በዚያ የሚገኘው የተሳላሚዎች ጽሕፈት ቤት ለተጓዡ «ክሬደንሲያል» የተባለ ተጣጣፊ ደብተር ይሰጠዋል፤ ተጓዡ ባደረበት ሁሉ ማኅተም እያስመታበት ይሄድና፣ ሳንቲያጎ ሲደርስ ቢያንስ የመጨረሻውን 100 ኪሎ ሜትር በእግሩ መምጣቱን በእርሱ ያረጋግጣል። የሻንጣው ክብደት ከተሸካሚው ክብደት አንድ አሥረኛውን እንዳያልፍ ይመከራል። ምክሩ በወረቀት ላይ ሲነበብ የተጋነነ ይመስላል፤ ሆኖም የመጀመሪያው ቀን መንገድ ከባሕር ወለል በላይ 170 ሜትር ገደማ ከሆነ ስፍራ ተነሥቶ ከ1,400 ሜትር በላይ ስለሚወጣ፣ ከሰዓት በኋላ ትከሻ ራሱ ይመሰክርለታል። ደጋ ተወልጄ ማደጌ ለሳንባዬ ያተረፈልኝ ነገር ከነበረ፣ በጀርመን ሜዳ ላይ ተሟጦ ማለቁን የተረዳሁት በዚያ ዳገት ነው። ማታ ሮንሴስቫዬስ በሚገኘው ጥንታዊ ገዳም ስንደርስ የተቀበሉን ጡረታ የወጡ የሆላንድ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ ከአገራቸው በራሳቸው ወጪ መጥተው፣ ጭቃ የለበሰ ጫማችንን በመደርደሪያ ሲያስቀምጡ አየኋቸው።

ከዚያ በኋላ ካርታ የሚያስፈልገው ሰው ጥቂት ነው። በግንብ፣ በዛፍ ግንድና በመብራት ምሰሶ ላይ የተቀባው ቢጫ ቀስት እስከ መጨረሻው ያደርሳል። ይህን ሥራ የጀመሩት በጋሊሲያ ተራራ ላይ የምትገኘው የኦ ሴብሬይሮ መንደር ቄስ የነበሩት ዶን ኤሊያስ ቫሊኛ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ መንገዱን የሚያውቀው ሰው በተመናመነበት ዘመን፣ ቢጫ ቀለም በመኪናቸው ጭነው እየዞሩ ቀቡት። ቄሱ በ1989 ሲያርፉ ሳንቲያጎ የሚደርሰው ተሳላሚ በዓመት ጥቂት ሺህ ነበር፤ በ2024 የምስክር ወረቀት የወሰዱት ሰዎች ወደ 500,000 ተጠግተዋል። ስለ ፕሮጀክትና ስለ በጀት ረጅም ንግግር በሰማሁ ቁጥር እኒህ የገጠር ቄስና የቀለም ጣሳቸው ትዝ ይሉኛል።

በመንገዱ ላይ የሚታየውን ሁሉ ብዘረዝር ጽሑፉ አያልቅም። ኢራቼ በተባለ ስፍራ አንድ ወይን ጠጅ አምራች ከ1991 ጀምሮ ለአላፊ አግዳሚ ከግድግዳ ቧንቧ ወይን ጠጅ በነፃ ያስቀዳል፤ ማለዳ ስለ ደረስሁ ቀምሼ ብቻ አለፍሁ። በሳንቶ ዶሚንጎ ደ ላ ካልሳዳ ካቴድራል ውስጥ ደግሞ፣ በሐሰት ተወንጅሎ ስለ ተሰቀለ ወጣት ተሳላሚ የሚነገረውን ተአምር ለማስታወስ፣ አውራ ዶሮና ሴት ዶሮ በሕይወት ይቀመጣሉ። አብረውኝ የነበሩት አውሮፓውያን በቤተ መቅደስ የዶሮ ጩኸት መስማታቸው ሲያስገርማቸው፣ በገጠር ደብር ኪዳን አድርሼ ያደግሁት እኔ እምብዛም አልደነቀኝም።

ልዘገይበት የምፈልገው ስፍራ ሌላ ነው። ከካስትሮኼሪስ ከተማ አልፎ፣ ከፒሱዌርጋ ወንዝ ድልድይ ቀረብ ብሎ፣ ሳን ኒኮላስ የተባለ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በመካከለኛው ዘመን የተሳላሚዎች ማረፊያ የነበረውን ይህን ቤት ዛሬ የአንድ የጣሊያን ማኅበር አባላት ተራ እየገቡ ያስተናግዱበታል። በአዳራሹ ውስጥ የኤሌክትሪክ መብራት ስለሌለ እራት የሚበላው በሻማ ነው። ከእራቱ በፊት ተሳላሚዎቹ በረድፍ ይቀመጣሉ፤ ከአስተናጋጆቹ አንዱ ተንበርክኮ የእያንዳንዱን እግር ያጥባል፣ ይስመዋልም። ከጎኔ የተቀመጠች ወጣት ተሳቅቃ እግሯን ወደ ኋላ ስትሰበስብ አየሁ። እኔንም ያዘኝ፤ ነገር ግን የእኔ ምክንያት ሌላ ነበር። በአያቴ ቤት ከደጅ «ቤቶች! የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» የሚል ድምፅ ሲሰማ፣ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ» ይባልና፣ ውኃ አሙቄ ገበቴ ይዤ የምቀርበው እኔ ነበርሁ። የመንገደኛን ተረከዝ ከአቧራው አላቅቆ ማጠብን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እኔን ተቀምጬ ሌላ ሰው ሲያጥበኝ ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር። የሚያጥቡኝ ሰው በዕድሜ አባቴን ያህላሉ። ብድግ ብዬ «ኧረ አይገባም» ለማለት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ የቋንቋ አለመግባባት ዝም አሰኘኝ። በሚቀጥለው ዓመት ለማገልገል የወሰንሁት በዚያች ምሽት ነው።

የቀረውን ጉዞ በአጭሩ ላልፈው እችላለሁ። ከካሪዮን ደ ሎስ ኮንዴስ በኋላ 17 ኪሎ ሜትር ያህል መንደርም ጥላም በሌለበት ሜዳ ተጓዝን፤ «ክሩስ ዴ ፌሮ» በተባለው የብረት መስቀል ሥር ሰው ከየአገሩ ይዞት የመጣውን ድንጋይ ሲጥል አየን፤ ሳንቲያጎ ገባን፤ ለምስክር ወረቀቱ ተሰለፍን፤ አለቀ። የመድረስ ደስታ እንደሚወራለት ትልቅ ሆኖ አላገኘሁትም።

በስፔን የተሳላሚ ማረፊያዎች የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች «ኦስፒታሌሮ» ይባላሉ። የአሁኑ አሠራር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990 ሉርዴስ ዩክ የተባሉ ሴት በኦርኒዮስ መንደር ቤት ተከራይተው ተሳላሚ መቀበል በጀመሩ ጊዜ ሲሆን፣ ዛሬ የመንገዱ ወዳጆች ማኅበራት ፌዴሬሽን ፈቃደኞችን እያሠለጠነ ይመድባል። መስፈርቱ ቀላል ነው፦ አስቀድሞ መንገዱን በተሳላሚነት መጓዝ፣ የሳምንት መጨረሻ ሥልጠና መውሰድና ለ15 ቀን መመደብ። ደመወዝ የለም፤ የመጓጓዣ ወጪም የራስ ነው። እናቴ ይህን በስልክ ስነግራት፣ «የሰው ሽንት ቤት በነፃ ልታጥቢ ነው ፈቃድሽን የምትጨርሽው?» አለችኝ። «ለተሳላሚ ነው እኮ እማዬ» አልኋት። ለአፍታ ዝም ብላ፣ «ለተሳላሚ ከሆነስ በረከት ነው፤ ቢሆንም ጓንት አድርጊ» አለች። እናቴ በየዓመቱ መስከረም 21 ግሸን ማርያምን ለመሳለም የምትወጣ ሴት ስለሆነች፣ ሲመሽ በር የሚከፍትልህን ሰው ዋጋ ማንም አያስረዳትም።

የእናቴ ግምት ትክክል ነበር፤ ሥራው በአብዛኛው ጽዳት ነው። ተሳላሚዎች ፀሐይን ለመሸሽ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምረው ይነሣሉ፤ እኛ ደግሞ ቡናና ዳቦ ለማቅረብ ከእነርሱ እንቀድማለን። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ የመጨረሻው ሰው ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ በረኪና፣ መወልወያና መጥረጊያ ነው። የፍራሽ ስፌት አንድ በአንድ እየተገለጠ ትኋን ይፈለግበታል፤ ከተገኘ ክፍሉ ይዘጋል፣ ጨርቁም ሁሉ በ60 ዲግሪ ሙቀት ይታጠባል። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ በሩ ይከፈታል፤ በእግሩ የመጣ ቅድሚያ ያገኛል፣ ብስክሌተኛ ይጠብቃል። በሥልጠናው አጥብቀው የነገሩን ነገር ቢኖር፣ ሰው ሲገባ መጀመሪያ ወንበርና ውኃ እንጂ መዝገብ እንዳናቀርብለት ነው። እግሩ ውኃ የቋጠረ፣ ጉልበቱ ያበጠ፣ ከፀሐይ የተነሣ ራሱን ሊስት የደረሰ ሰው ስሙን ለመጻፍ እንኳን አቅም የለውም። ማታ አራት ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል፤ ማንኮራፋቱን ግን የሚያጠፋው የለም።

የቤቱ ገቢ በመግቢያው አጠገብ ካለች ሙዳየ ምጽዋት የሚገኝ ነው። ማንም ዋጋ አይጠየቅም፤ ትናንት ያደሩት የጣሉት ገንዘብ ለዛሬዎቹ እራት፣ ጋዝና መብራት ይውላል። ይህን «ነፃ» ብለው የሚተረጉሙ፣ ማታ ምግብ ቤት ውድ ወይን ጠጅ አዝዘው ጠዋት ሳንቲም ሳይጥሉ የሚወጡ ወጣቶች አሉ፤ ነውር ነው ብዬ አምናለሁ። ያም ሆኖ አስተናጋጅ ወደ ሣጥኑ እንዳያይ የተከለከለው በደንብ ታስቦበት ነው፤ ብመለከት ኖሮ የነገ ጠዋት ሰላምታዬ ይለወጥ ነበር። በግራኞን የቤተ ክርስቲያን ማረፊያ ሣጥኑ ክፍት ሆኖ፣ የቻለ እንዲጥልበት፣ የቸገረው እንዲወስድበት ተጽፎበት አይቻለሁ።

ጥቁር ሴት ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጣ ማየት ያልለመዱ እንግዶችም ነበሩ። «ኃላፊውን ጥሪልኝ» ያለኝ አንድ መንገደኛ፣ ማኅተሙን አንሥቼ ደብተሩን ስመታለት ፊቱ ቀላ። ሌላዋ ደግሞ በቅንነት፣ ጥገኝነት ጠይቄ ቤቱ አስጠግቶኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልተቆጣሁም፤ ይልቁንስ እራት ላይ ሽንኩርት እንድትከትፍልኝ አደረግሁ። ከኦገስት 7 ጀምሮ የፍልሰታ ጾም ስለ ገባ፣ በእኔ ተራ ማብሰያው የጾም ነበር፤ ከፍራንክፈርት ባመጣሁት በርበሬ ምስር ወጥ ሠርቼ ከሩዝና ከዳቦ ጋር አቀረብሁ። ሥጋ የማይበሉት ወጣቶች እጅግ ተደሰቱ፤ አንድ ኮሪያዊ ሽማግሌ በርበሬው እንዲጨመርላቸው ምልክት ሲሰጡኝ በገበታው ላይ ወገን ያገኘሁ መሰለኝ። የመንደሩ ሰዎች የእመቤታችንን ዕርገት ኦገስት 15 ቀን በሙዚቃ ጓድና በርችት ሲያከብሩ፣ የእኛ ጾም ሊፈታ ገና ሳምንት ይቀረው ነበር። ጎረቤታችን የነበሩት አሮጊት የበግ ሥጋ በሳህን ይዘው መጥተው ለምን እንደማልበላ ስገልጽላቸው፣ አዝነው ተመለሱና ከጓሯቸው ቲማቲም ለቅመው አመጡልኝ።

ያደግሁባት ከተማ በየክረምቱ እንግሊዝኛ ሊያስተምሩን የሚመጡ የውጭ አገር ወጣቶች ነበሯት። ደጎች ነበሩ፤ ስማችንን በቅጡ ሳይለምዱ ግን ይሄዱና፣ በሚቀጥለው ክረምት ሌሎች መጥተው ከ«ኤ» ፊደል ይጀምሩልናል። ትምህርት የሚቀጥል ሥራ በመሆኑ በየሁለት ሳምንቱ እጅ መለዋወጥ ይጎዳዋል። የማረፊያ ቤት ሥራ ግን በባሕርዩ በየቀኑ የሚያልቅ ነው፤ ዛሬ የታጠበ ወለል ነገ ይቆሽሻል፣ የሚያጥበው ሰው መለወጡም ማንንም አይጎዳም። በውጭ አገር ለአጭር ጊዜ በበጎ ፈቃድ ማገልገል ለሚፈልግ የአገሬ ልጅ የምመክረው እንዲህ ያለውን ሥራ ነው፤ በተለይ ማስተማር ወይም ሕፃናትን መንከባከብ ነው ተብሎ ገንዘብ የሚያስከፍል ድርጅት ካጋጠመው፣ ከመክፈሉ በፊት ልጆቹ እርሱ ከሄደ በኋላ ማን እንደሚቀርላቸው ይጠይቅ።

በአውሮፓ የሼንገን አገሮች የመኖሪያ ፈቃድ ላላችሁ ጉዞው ሌላ ቪዛ አይጠይቅም፤ ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ደግሞ የሼንገን ቪዛ ያስፈልጋል። ሙሉውን መንገድ ለመጓዝ አምስት ሳምንት ገደማ ያዙ፤ ከሐምሌና ከነሐሴ ሙቀት ይልቅ ሜይና ሴፕቴምበር ይሻላሉ። በ2027 የቅዱስ ያዕቆብ በዓል፣ ጁላይ 25፣ እሁድ ስለሚውል ዓመቱ «ቅዱስ ዓመት» ተብሎ ይከበራል፤ ተሳላሚውም ከወትሮው ይበዛል። በዚያ ዓመት አልጋ ማግኘት ለተጓዥ ከባድ ሊሆን ይችላል፤ አልጋ አንጣፊ ግን በእጅጉ ስለሚፈለግ፣ መንገዱን አስቀድማችሁ የሄዳችሁ ካላችሁ ሥልጠናውን ከአሁኑ ብትመዘገቡ መልካም ነው። የጾም ጊዜ የሚገጥማችሁ ከሆነ በርበሬና ሽሮ ይዛችሁ ሂዱ፤ ምስሩን እዚያው ታገኛላችሁ።