ሳፖሮ፣ በረዶና አንድ ጎድጓዳ ሳህን ራመን

ጃፓን፣ ሳፖሮ ከተማ የሄድኩት የበረዶ ፌስቲቫሉን ለማየት ነበር፣ የካቲት መግቢያ ላይ። በ1950 (በፈረንጆቹ) ተማሪዎች ኦዶሪ መናፈሻ ውስጥ በሠሯቸው 6 የበረዶ ሐውልቶች የተጀመረ በዓል ነው። ሐውልቶቹን በጣም ወደድኳቸው። ልቤ የቀረው ግን አንዲት ጠባብ ራመን ቤት ውስጥ ነው።

ራመን በትኩስ መረቅ የሚቀርብ የስንዴ ኑድል ነው። እኔ ደግሞ የአሳማ ሥጋ አልበላም፤ ራመን ላይ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። መረቁ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከአሳማ አጥንት ነው። ከላይ የሚደረገው ሥጋም፣ የሚንሳፈፈው ስብም የአሳማ ነው። እዚያ የሚማር ጓደኛዬ ግን ቀድሞ ደዋውሎ፣ መረቁንም ስቡንም ከዶሮ ብቻ የሚያዘጋጅ ቤት አገኘልኝ። «ና፣ ዛሬ ሳትሳቀቅ ትበላለህ» አለኝ። እንዲህ ያለ ጓደኛ ይብዛልኝ።

ሲመሽ ወጣን። ሳፖሮ ላይ በአንድ የብርድ ወቅት 5 ሜትር ገደማ በረዶ ይወርዳል። የእግረኛው መንገድ ዳርና ዳሩ ተዝቆ በተቆለለ በረዶ ታጥሯል። ጆሮዬ ደነዘዘ። ቤቷ ደጃፍ ላይ አጭር የጨርቅ መጋረጃ ተሰቅሏል፤ መጋረጃው ከተሰቀለ ቤቱ ክፍት ነው ማለት ነው። በሩ ሁለት ነው። መጀመሪያ ትንሽ ክፍል ትገባላችሁ፣ ጫማችሁን አራግፋችሁ ሁለተኛውን ትከፍታላችሁ። ብርዱ ተከትሏችሁ እንዳይገባ ነው።

ምግብ የሚታዘዘው ከማሽን ነው። ብር ትከታላችሁ፣ ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ ትኬት ይወጣል። ሒሳብ ላይ መሟገት የለም፤ ጓደኛዬ ቀድሞኝ ከፈለ። አንዱ ሳህን ከ1000 የን ትንሽ ይበልጣል።

ባንኮኒው ዘጠኝ ሰው ቢያስቀምጥ ነው። ከባንኮኒው ማዶ አንድ አዛውንት ብቻቸውን ይሠራሉ። እኔ ዓይኔን ከእጃቸው ላይ መንቀል አልቻልኩም። ጥልቁን የብረት መጥበሻ እሳቱ ላይ ጥደው ነጭ ሽንኩርት፣ ሽንኩርትና የማሾ ቡቃያ ጨመሩ። እሳቱ የመጥበሻውን ከንፈር አልፎ ነደደ። ሽታው የእናቴ ቁሌት ነው፣ ቁርጥ! ቀጥሎ ሚሶውን ጨመሩ። ሚሶ አኩሪ አተር ከጨው ጋር ለወራት ተብላልቶ የሚሠራ ሊጥ መሰል ነገር ነው። ትንሽ ሲጠበስ መረቁን ገለበጡበት። ይሄኔ ቤቱ በሙሉ ሸተተ።

ሳፖሮ ራመን የሰው አገር ሰዎችም የደከሙበት ምግብ ነው። በ1922 ዩኒቨርሲቲው አጠገብ በነበረ ምግብ ቤት ኑድሉን ያበስል የነበረው ቻይናዊ ነው። ሚሶው የገባበት ደግሞ በ1950ዎቹ፣ ኦሚያ ሞሪቶ የተባሉ የራመን ቤት ባለቤት ሞክረውት ነው። ዛሬ ሳፖሮ ሲባል ሚሶ ራመን ይታሰባል።

ሳህኑ መጣ። ኑድሉ ቢጫ፣ ጥቅልልና ወፈር ያለ ነው። ቢጫ የሚያደርገውና ጥርስ ላይ ጠንከር የሚያሰኘው ዱቄቱ የሚታሽበት አልካላይን ውሃ ነው። ከላይ በቆሎና አንዲት ቁራጭ ቅቤ አለች፤ ሁለቱም ሳፖሮ ያለችበት ደሴት፣ ሆካይዶ፣ የምትታወቅባቸው ናቸው። እንፋሎት ግን ብዙም አይታይም። «እንዳትሸወድ፣ ስቡ ነው የከደነው» አለኝ ጓደኛዬ። ከላይ የተንሳፈፈው ስብ ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል። ቤቱ የዶሮ ስብ ቢጠቀምም ሥራው ያው ነው። እየተነፈስኩበት ቀመስኩ። ከባድ ነው፣ ጨው አለው፣ ወደ ኋላ ላይ ጣፈጥ ይላል። እስከ መጨረሻው ጉርሻ ድረስ አልቀዘቀዘም። በብርድ የሚኖር ሰው ለብርድ ብሎ ያሰበው ምግብ መሆኑ የገባኝ እዚያ ላይ ነው። የወፈረው ኑድል፣ የተጠበሰው አትክልት፣ ስቡ፣ ሁሉም ምክንያት አለው።

ከጎኔ ያሉት ሰዎች ድምፅ እያሰሙ ይስባሉ። እኛ ቤት ነውር ነው። እዚያ ግን አየሩ አብሮ ሲገባ ኑድሉን በረድ ያደርገዋል፣ ሽታውንም ያወጣዋል። እኔም ሳብኩ። ውጪው ከዜሮ በታች ሆኖ በረዶ ያለበት ውሃ ማቅረባቸው ገርሞኝ ነበር። ግማሽ ላይ ስደርስ ግንባሬ አልቦ ብርጭቆውን ጨረስኩት።

አዛውንቱ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁ። ጓደኛዬ ሲነግራቸው ፊታቸው በራ። «አበበ!» አሉ። በ1964 ቶኪዮ ላይ አበበ ቢቂላ ማራቶን ሲያሸንፍ ልጅ ነበሩ። የ2021ዱ የኦሎምፒክ ማራቶንም የቶኪዮን ሙቀት ሽሽት እዚሁ ሳፖሮ መሮጡን፣ መነሻውም መድረሻውም ኦዶሪ መናፈሻ መሆኑን አስታወሱኝ። ጠዋት በረዶ ስረግጥበት የነበረው ቦታ ነው። በአገሬ ስም እንዲህ በደስታ ሲቀበሉኝ እንባዬ መጣ፤ አልደብቅም።

በር ላይ ሰው ይጠብቃል። በልቶ መቀመጥ ደግ አይደለም። ሳህናችንን ከፍ ወዳለው መደርደሪያ መለስን፣ ባንኮኒውን ጠረግን፣ አመስግነን ወጣን።

የአሳማ ሥጋ የማትበሉ ካላችሁ «ከላይ ሥጋ አታድርጉልኝ» ማለት ብቻ አይበቃም። መረቁ ከምን እንደሆነ፣ ስቡ የምን እንደሆነ ለይታችሁ ጠይቁ። ጾም ላይ ከሆናችሁ ደግሞ በትልልቆቹ ከተሞች ከአትክልት ብቻ የሚሠሩ ራመን ቤቶች አሉ፤ እነሱን ቀድማችሁ ፈልጉ።